የጋሽ ሸዋንግዛው ድንገተኛ ትሕትና

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቡና ደረጃ ሲመድቡ የኖሩት ጋሽ ሸዋንግዛው በአማን ከተማ የሚታወቁት ሰላምታ በመቆጠብ ነበር። መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሰው አገጫቸውን የአንድ ጣት ያህል ዝቅ ያደርጋሉ፤ ይህም ለሁሉም የሚዳረስ አልነበረም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ነገ ቡናውን ይዞ የሚቀርብን ገበሬ ዛሬ "እንደምን አደርክ" ማለት ፍርድን ያዛባል የሚል የጸና እምነት ነበራቸው። ሰውየው ጡረታ ሲወጡ እምነቱ ጡረታ አልወጣም፤ ከመዝናኛ ክበቡ ወንበራቸው ላይ ሆነው መንገደኛውን ሁሉ ገና እንዳልተመዘነ ጆንያ ይመለከቱት ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት እኚህ ሰው በድንገት የከተማዋ እጅግ ትሑት ነዋሪ ሆነው ሲገኙ ሁላችንም ግራ ተጋባን።

ከቤታቸው እስከ ይሄይስ ፀጉር ቤት ያለው መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ቀድሞ ሳይገላመጡ ያልፉት የነበረውን ይህን ርቀት አሁን በሦስት ሩብ ሰዓት ይጨርሱት ጀመር። በየሃያ እርምጃው ይቆማሉ። ያገኙትን ሰው፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ እጁን ይዘው ስለ እናቱ ይጠይቁታል። እናቱ ደኅና ከሆኑ ስለ እህቱ፣ ከእህቱ ስለ እህቱ ባል፣ ከእህቱ ባል ደግሞ ቴፒ ሄዶ ስለቀረው የእህቱ ባል ወንድም ይቀጥላሉ። መልሱን የሚያዳምጡት አንድ እጃቸውን አጥር ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ከድነው ነው። ተጠያቂው ዘመዶቹን ጨርሶ ዝም ካለ "ቀጥል እንጂ፤ ከብቶቹስ?" ይሉታል።

ለዚህ ለውጥ ምክንያት ያልፈለገለት ሰው አልነበረም። አንዳንዶች ለእድር ሊቀመንበርነት እየተዘጋጁ ነው አሉ። ሌሎች የንስሐ አባታቸው የሰጧቸው ቀኖና ነው አሉ። ከጴንጤዎቹ ወገን ደግሞ ነገሩ ተስፋ ጫረና፣ አንድ የመዘምራን መሪ ጠጋ ብሎ "ወንድማችን" ሲል ሞከራቸው፤ እሳቸውም ስለ አያቱ ጤንነት ጠይቀው አሰናበቱት። ከሁሉ የባሰው ግን በሠላሳ አንዱ ዓመት ውስጥ ቡናቸው የወደቀባቸው ገበሬዎች ያደረጉት ነው፦ ሰውየው በደላቸውን አምነው ቤት ለቤት ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብለው በማሰብ፣ ሊታለፉ በማይችሉበት ጠባብ ቦታ እየጠበቋቸው መቆም ጀመሩ። ይህ ለጋሽ ሸዋንግዛው እጅግ ተመቻቸው።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ሁሉ ትሕትና ጋር አልገጠመም። አዛውንት ሲመጣም፣ ቄስ ሲመጣም ጎንበስ አይሉም። ይሄይስ ፀጉር እየቆረጠ "ሰላምታቸው እንደ ማጂ መንገድ ረዘመ፤ ወገባቸው ግን የስልክ እንጨት ነው" ሲል ሰማነው፤ ከዚያ በላይ ግን ማንም አልመረመረውም። ሰው ድካሙን ከሚሸፍንባቸው ልብሶች ሁሉ በጎ ምግባር እጅግ ወፍራሙ ነው፤ ገልጦ ሊያየው የሚደፍር የለም።

እውነቱን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሾመች ብቻ ነበሩ። ባላቸው የጫማ ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ባሉ ቁጥር ከባሕር እንደወጣ ዋናተኛ አየር ሲቀላውጡ አይተዋል። ከሰዓት በኋላ እግራቸው አብጦ ጫማው እምቢ ሲል አይተዋል። ከዚያ ጥቅምት በፊት ጋሽ ሸዋንግዛው ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በፋሲካ ማግስት አንዴ በነሐሴ፣ ሳንባቸው ውሃ ይዞ፣ ለጎረቤት ሳያሰሙ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሕመሙ ሥር የሰደደ የልብ ድካም መሆኑን፣ ድካሙም ከአንድ እስከ አራት ደረጃ እንዳለው፣ አንድ የቀለለው አራት የከፋው እንደሆነ የነገረቻቸው ዶክተር ሚርያም ናት። ጋሽ ሸዋንግዛው ይህን ሲሰሙ በሕክምና ላይ የነበራቸው ንቀት ተገፈፈ። "ይቺ ልጅ ሥራ ታውቃለች" አሉ።

አሁን ችግሩ ሠርጉ ነው። አንድያ ልጃቸው ረድኤት ማጂ ታስተምራለች፤ ሠርጓም በጥር ሁለተኛው እሑድ እዚያው ማጂ፣ በሙሽራው አባት ግቢ እንዲሆን ተወስኗል። ከአማን ማጂ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደልዳላ ልብ ያለው ሰው እንኳ ተራራው ላይ ሲደርስ ልቡ ያለበትን ቦታ ይረሳል።

"እኔ የልጄን ሠርግ በስልክ አልሰማም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

"መንገድ ላይ ብትሞትብኝስ?"

"ሙሽራ ሊመርቅ ሲሄድ ሞተ ቢባል ያምራል።"

"ለማን ነው የሚያምረው? ለእኔ ነው ለረድኤት?"

ከሦስት ቀን ጭቅጭቅ በኋላ ተስማሙ። ፍርዱ የዶክተር ሚርያም ይሁን። ደረጃው አንድ ወይም ሁለት ከወጣ ይሄዳሉ፤ ሦስት ከወጣ እንደገና ይጨቃጨቃሉ፤ አራት ከወጣ ይቀራሉ። በተጨማሪም ወይዘሮ ተሾመች ምርመራው ላይ ተገኝተው እስኪጠየቁ ድረስ ቃል ላይተነፍሱ ቃል ገቡ። "ባለ ቡናው በምርመራ ክፍል ውስጥ አይናገርም" አሉ ባላቸው፤ ይህ ደንብ በቡና ምርመራ ዘመናቸው ራሳቸው ያወጡት ነበር።

ከዚያም ጋሽ ሸዋንግዛው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያሳድዱት የኖሩትን ወንጀል በገዛ ራሳቸው ላይ ፈጸሙ። አጭበርባሪ ነጋዴ ከጆንያው አፍ ላይ የተለቀመ ፍሬ ያለብስና ጥቁሩንና የነቀዘውን ከሥር ይደብቃል። እሳቸውም ከቀጠሮው በፊት ሦስት ቀን ከአልጋ ሳይወርዱ አረፉ፤ ይሄይስን ቤት ድረስ አስጠርተው ጢማቸውን አስተካከሉ። ዋሽተው ስለማያውቁም፣ ቃላቸው እውነት ይሆን ዘንድ ነገሩን ራሱን መለወጥ ግድ ሆነባቸው፦ የሚደገፉባቸውን አራት ትራሶች ልብስ ሰፊዋ ጽጌሬዳ ዘንድ ልከው በአንድ ልብስ ውስጥ አሰፏቸው። ጽጌሬዳ ለሙሽሮቹ መስሏት ዳር ዳሩን አበባ ጠለፈችበት። ማሰሪያ ያለውን ጫማቸውንም ለጎረቤት ልጅ ሰጡት።

የቀጠሮው ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ የሆስፒታሉ መተላለፊያ ከሸዋ ቤንችና ከየአካባቢው በመጣ ሰው ተጨናንቋል። ዶክተር ሚርያም በሩን ዘግታ ጥያቄዋን ጀመረች።

"ጋሼ፣ ሌሊት በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?"

"በአንድ።"

ወይዘሮ ተሾመች ሳል ያዛቸው። ባላቸው ዞር ብለው ሲያዩአቸው ሳሉ ለቀቃቸው።

"ሲያጎነብሱ ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"አላጎነብስም።"

"ጫማ ሲያስሩ ማለቴ ነው።"

"ማሰሪያ ያለው ጫማ የለኝም።"

"የወደቀ ዕቃ ሲያነሡስ?"

"እኔ ቤት ዕቃ አይወድቅም።"

"እሺ፣ ዳገት ይወጣሉ?"

"የምሄድበት ሁሉ ቁልቁለት ነው።"

"ሲመለሱስ?"

ጋሽ ሸዋንግዛው ጥቂት አሰቡ። "ስመለስ ባጃጅ አለ።"

"በእግርዎ የሚሄዱት እስከ የት ነው?"

"እስከ ይሄይስ ፀጉር ቤት፤ በየቀኑ።"

"በስንት ደቂቃ ይደርሳሉ?"

"እሱ በሚያጋጥመኝ ሰው ብዛት ይወሰናል።"

ዶክተሯ ይህን ጻፈችው፤ ገና አልገባትም። የደም ግፊታቸውን ለካች፤ ዝቅ ብሏል። ጭናቸው ከስቶ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። በአልትራሳውንድ ልባቸውን ሁለት ጊዜ አየች። ወደ ወንበሯ ተመልሳ ወረቀቱንና ሰውየውን እያፈራረቀች ተመለከተች።

"ጋሼ፣ አንደበትዎ ደረጃ ሁለት ይላል። ሰውነትዎ አይስማማም።"

"ሁለት ናሙና ሲለያይ ሦስተኛ ይወሰዳል" አሉ፤ የሙያ ልማድ ሆኖባቸው ነው እንጂ ሊሉት አልፈለጉም ነበር። ወዲያው ሌላ መንገድ ፈለጉ። "ለመሆኑ አንቺ የሸዋ ቤንቹ የሙሴ ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"የአባትሽን ቡና አንድ ጊዜ ደረጃ አምስት ሰጥቼዋለሁ።"

"አምስት አይደለም፤ ከደረጃ በታች ነው የሰጡት።"

"እንግዲህ ይህ ፍርድሽን እንዳያዛባ እሰጋለሁ።"

"አባቴ ያመሰግንዎታል። ቡና መሬት ላይ ማስጣት የተወው ከዚያ ወዲህ ነው።"

"ቂም አልያዘም?"

"ቂምማ ይዟል። ምስጋናውም አለ። ሁለቱም እቤት ተቀምጠዋል፤ እኔ ይዤ የመጣሁት ሰዓት ብቻ ነው" አለችና ከመሳቢያዋ የሰዓት መቁጠሪያ አወጣች። "ስድስት ደቂቃ መተላለፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። በሚችሉት ፍጥነት፤ ሲደክምዎ መቆም ይችላሉ። የሄዱትን ርቀት እለካለሁ።"

ጋሽ ሸዋንግዛው መተላለፊያውን አዩት። ግራና ቀኙ ሰው ነው። ፊታቸው በራ።

ዐሥራ ሁለት እርምጃ ሄደው አንዲት አሮጊት ፊት ቆሙ። ስለ ልጆቻቸው ጠየቁ፤ ልጆቹ ዘጠኝ ስለነበሩ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ስምንት እርምጃ ሄደው እጁ በፋሻ የታሰረ ጎልማሳ አገኙ፤ እንዴት እንደወደቀ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀ፣ ዛፉን ማን እንደተከለው ጠየቁ። ስድስቱ ደቂቃ ሲያልቅ አርባ ስድስት ሜትር ተጉዘው ነበር፤ ስለ ሰባት ሰዎች ሕመም ግን የሆስፒታሉ መዝገብ የማያውቀውን ያውቃሉ።

"አርባ ስድስት" አለች ዶክተር ሚርያም።

"ይግባኝ እላለሁ" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ግድግዳ ተደግፈው። "መንገዱ ንጹሕ አልነበረም። ሰው ተቀምጦ እያየሽኝ እንደ በቅሎ ዝም ብዬ ልለፍ?"

ዶክተሯ ፍትሕ የማይነፈጋቸው ሰው መሆናቸውን ስለተረዳች ግማሽ ሰዓት አሳረፈቻቸውና ይግባኙን ተቀበለች። ሕመምተኛውንና አስታማሚውን ሁሉ በትሕትና ወደ ግቢው አስወጣች። ሕዝቡም ምን እንደሚሆን ለማየት በመስኮቶቹ ላይ ተደረደረ። መተላለፊያው ባዶ ሆነ፤ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ድረስ እንኳን ሰው ድመት አልነበረም። ጋሽ ሸዋንግዛው ይህን ባዶነት ሲያዩ ኮታቸውን ቆለፉ።

"ይጀምሩ።"

ዐሥራ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ወደ ቀኝ ዞሩ፤ የተዘጋ በር ነው። ወደ ግራ ዞሩ። ግድግዳው ላይ ስለ ክትባት የሚያስተምር ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ሕፃን ያቀፈች አንዲት እናት ፈገግ ብላለች።

"እንደምን ነሽ፣ እመቤቴ?" አሏት ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እጃቸውን ከሥዕሉ ጎን አሳርፈው። "ሕፃኑ ጤና ነው? አባቱስ?"

መልሷን ዓይናቸውን ከድነው ጠበቁ። መልሱ ረጅም ነበር። ሲበቃቸው "ይደግልሽ" ብለዋት ሰባት እርምጃ ተራመዱና እንደገና ቆሙ። እዚያ የተለጠፈው እጅ መታጠብን የሚያስተምር ሥዕል ነው፤ ሁለት እጆችና ሳሙና እንጂ ሰው የለበትም። ጋሽ ሸዋንግዛው ለጥቂት ጊዜ አመነቱ። ከዚያም ለሁለቱ እጆች ጤና ተመኙላቸው።

በመስኮት በኩል አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹ አልተከተሉትም። ከመካከላቸው ይሄይስ ፀጉር ቤት አጠገብ ለሩብ ሰዓት ያህል ስለ አማቶቻቸው የተጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ በየፊታቸው ላይ አንድ ዓይነት ሐሳብ ሲወጣ ይታይ ነበር። እኛ ሦስት ወር ሙሉ አክብሮት ሲመስለን የኖረው ነገር ትንፋሽ ፍለጋ ነበር።

ዶክተር ሚርያም ሰዓቱን አቁማ ወንበር ይዛ ሄደች። አስቀመጠቻቸው፤ እሷም በእግሮቿ ጣቶች ላይ ቁጢጥ ብላ ፊት ለፊታቸው ሆነች።

"ጋሼ፣ ይህ ትሕትና ከመቼ ጀምሮ ነው?"



"ከጥቅምት።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት ትዕቢተኛ ነበርኩ" አሉ። "ያኔ ይሻለኝ ነበር።"

ወደ ክፍሉ ተመልሰው ትንፋሻቸው ሲረጋ ዶክተሯ ነገሩን እንዲህ ስትል አስረዳቻቸው። ሥር የሰደደ የልብ ድካም ያለበት ሰው ሁሉ ወደ ከባዱ ምዕራፍ ገብቷል አይባልም። እግር ማበጥ ብቻውን አያስፈርድም፤ አንድ መጥፎ ሌሊትም አያስፈርድም። የሚያስፈርደው ተገቢው መድኃኒት በተገቢው መጠን እየተወሰደ ድካሙ አልለቅ ሲል ነው፤ ልብ ደም የመግፋት ኃይሏ እጅግ ማነሱ በምርመራ ሲታይ፣ ውሃው ተመልሶ እየሞላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንዴ በላይ ሆስፒታል ሲያስተኛ፣ ጥቂት መንገድ መሄድ ሲያቅት። ቀድሞ የጠቀመውን መድኃኒት ሰውነት ግፊቱ እየወረደ አልሸከምም ሲል ደግሞ እሱም ምልክት ነው።

"ማለትም በአንድ ጥቁር ፍሬ ጆንያ አይወድቅም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

"አይወድቅም። ተቆጥሮ፣ ተደምሮ ነው።"

"ትክክል ነው። ትክክለኛ አሠራር ነው።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ነጋዴ ጆንያ ሲያመጣልዎ ናሙና ለማውጣት ከየት ከየት ነበር የሚወጉት?"

"ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች።"

"ዛሬ ለእኔ ያሳዩኝ ከየት ነው?"

ጋሽ ሸዋንግዛው መስኮቱን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ጥያቄ ለሌሎች ሲያቀርቡ ስንት ነጋዴ ጣሪያ ሲያይ ተመልክተዋል።

"ከላይ ነው" አሉ በመጨረሻ። ወደ ባለቤታቸውም ዞሩ። "ተሹ፣ የታቹን አውጪው።"

ወይዘሮ ተሾመች ሩብ ሰዓት ተናገሩ። ትራሱን ከነአበባው፣ ጫማውን፣ ሌሊት ተቀምጦ ማንቀላፋቱን፣ ገንፎ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ጠገብኩ ማለቱን ዘረዘሩ። ባላቸው ራሳቸው የረሷቸውን ነገሮች ሁሉ አወጡ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከይሄይስ ጓዳ ተደብቆ የሚበላ ቋንጣ እንዳለ ጨመሩ።

"ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

"ጨው አለበት" አለች ዶክተር ሚርያም፣ እየጻፈች።

"ተሹ፣ ይህን እንዴት አወቅሽ?"

"ያለ ምክንያት በየቀኑ ፀጉሩን የሚቆረጥ መላጣ አይቼ አላውቅማ።"

ዶክተሯ ጽፋ ስትጨርስ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ፍርዱን ግን አልተናገረችም። ጋሽ ሸዋንግዛው ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ደረጃ አራት" አሉ። "ይግባኝ የለውም።"

"አራት ማለት ያለቀለት ማለት አይደለም፣ ጋሼ" አለች ዶክተር ሚርያም። "አያያዙ ይለወጣል ማለት ነው። ወደ ጅማ፣ ወደ ልብ ስፔሻሊስት እጽፋለሁ፤ መድኃኒቱን እንደገና እናያለን፤ ወደፊት ምን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደማይፈልጉ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ማጂ ግን አይሆንም።"

"ማጂ አይሆንም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደከመ። ወይዘሮ ተሾመች አሸንፈው ነበር፤ ይሁንና የባላቸውን እጅ ሲይዙ ያሸነፈ ሰው አይመስሉም።

ጋሽ ሸዋንግዛው ነገሩን ለማሳደር አልፈለጉም። ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ለሙሽራው አባት ለአቶ አልአዛር ደወሉላቸው፤ ክንዳቸው ቶሎ ስለሚዝል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ድምፁም ለሁሉም ይሰማ ነበር።

"አቶ አልአዛር፣ ልቤ ደረጃ አራት ወጥቷል። ለሠርጉ ማጂ አልመጣም።"



"ማነው የመደበው?" አሉ አቶ አልአዛር።

"ራሴ ነኝ።"

"እንግዲያው አይሳሳትም። ይማርዎ ጌታዬ።" ወዲያውም ቀጠሉ። "ሠርጉ እንግዲህ ይወርዳላ።"

"የት?"

"እርስዎ ጋ ነዋ። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ተመርቃ መውጣቷ ደንብ ነው ብዬ እኔ መጀመሪያም ተናግሬ ነበር። ልጆቹ ናቸው ማጂ ይሁን ብለው የዘመኑት። እሑድ በጠዋት ወርደን፣ ተመርቃልን ይዘናት እንወጣለን።"

የጋሽ ሸዋንግዛው ዓይን እርጥብ ሆነ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ።

"ስንት ሰው ናችሁ?" አሉ ወይዘሮ ተሾመች ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

"ጥቂት ነን እሜቴ። መቶ ሰባ ብንሆን ነው። አጎቶቼ ሳይቆጠሩ።"

"አጎቶችዎ ስንት ናቸው?"

"እሱን እነሱም ገና አልተስማሙበትም።"

"የሚያድሩ ናቸው?"

"ከማጂ ወርዶ ማን በዕለቱ ይመለሳል፣ እሜቴ? አንድ ሦስት ቀን ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። ወይዘሮ ተሾመች በልባቸው ግቢያቸውን ለኩት፤ ከዚያ የጎረቤቱን ግቢ ጨመሩበት፤ ከዚያ ቀስ ብለው የመመርመሪያው አልጋ ላይ ተቀመጡና የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

"ዶክተር፣ እስቲ እኔንም ለኪኝ።"

ዶክተር ሚርያም የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች፤ ነፋችው፤ አዳመጠች።

"ከፍ ብሏል" አለች። "ዕረፍት ያስፈልግዎታል፣ እትዬ።"

"መቼ?"

ዶክተሯ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች።

"ከጥር በኋላ" አለች።